ከጭላሎ እስከ ሰላሌ፤ የወተት ሙያ ሥልጠና በኢትዮጵያ ገጠር

በኢትዮጵያ ደጋማ አውራጃዎች ወተትን ማለብ፣ ማርጋትና መግፋት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። «ሳይንሳዊ» የሚባለው የወተት አያያዝ ትምህርት ወደ ገጠር ሲገባ ባዶ ቤት አልጠበቀውም። ባለሙያዋ የቤት እመቤት ዕቃዋን በወይራ ታጥናለች፤ የዕለቱን ወተት በትናንቱ ላይ እየጨመረች ታረጋለች፤ ማሰሮው ሲሞላ ትገፋለች፤ ከቅቤው የተረፈውን አሬራ በለስላሳ እሳት አሙቃ አይብ ታወጣለች፤ አጓቱም ቢሆን አይደፋም። የወይራው ጢስ ለመዓዛ ብቻ ሳይሆን ወተት የሚያበላሹ ተሐዋስያንን ለመግታት ጭምር እንደሚረዳ የቤተ ሙከራ ሰዎች የመሰከሩት ብዙ ቆይቶ ነው። እንግዲህ የወተት ሙያ ሥልጠና ታሪክ ሲመረመር መነሣት ያለበት ጥያቄ ገበሬው ምን ተማረ የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። አስተማሪዎቹ አስቀድሞ የነበረውን ዕውቀት በማን እጅ አገኙት? ትምህርቱንስ ለማን ሰጡት? የሚለውም አብሮ መነሣት ይኖርበታል።

ከውጭ የመጡት የወተት ላሞች ታሪክ የሚጀምረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ዝርያ ከብቶችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። በእነዚህም መነሻነት በአዲስ አበባና በአሥመራ ዙሪያ ለገበያ የሚያመርቱ የወተት እርሻዎች ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኒሴፍ ርዳታ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ሾላ በተባለው ቦታ፣ የወተት ማዘጋጃ ፋብሪካ ተተከለ። ፋብሪካው መጀመሪያ ወተት የሚረከበው ከትልልቅ እርሻዎች ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን በከተማው ዙሪያ ከሚኖሩ አነስተኛ ገበሬዎችም መሰብሰብ ጀመረ።

ያን ጊዜ ገበሬው ከዚህ በፊት ከማያውቀው መመዘኛ ጋር ተገናኘ። በቤቱ ወተት መርጋቱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የሚፈለገው እርሱ ነው። ለፋብሪካው ግን መኮምጠጥ የጀመረ ወተት በሙቀት ሲዘጋጅ ስለሚቋጠር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ውሃ የገባበትም በውፍረት መለኪያ ይታወቃል። በአንዱ ዓለም የሙያ ምልክት የነበረው ነገር በሌላው ዓለም ጉድለት ሆነ ማለት ነው። የወተት ንጽሕና ትምህርት በገበሬው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ትርጉም አጥቶ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ፋብሪካ ለማይደርስለት ሰው ወተቱን ሳይረጋ የማቆየት ጥበብ ምን ይፈይድለታል?

በዚያው ዘመን በአምቦ፣ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡት ወጣቶች ግን በአመዛኙ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ተመራማሪዎችና መምህራን ሆኑ። የእርሻ ማስፋፊያ ሥራውም በኮሌጁ ሥር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በጠቅላላው ሲታይ ትምህርቱ ለገበሬው የታሰበ ቢሆንም በገበሬው ደጅ ያልቆመ ነበር።

ሁኔታው በጉልህ የተለወጠው በአርሲ ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው፣ ተቋቋመ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም አሰላ ሆነ። ካዱን ከቀደሙት የለየው የትምህርቱ ብዛት ሳይሆን ትምህርቱን ከሌላው አገልግሎት ጋር ማያያዙ ነው። ለገበሬው ዲቃላ ጊደር በብድር ይሸጣል፤ ጊደሯን ለማስጠቃት የማዳቀል አገልግሎት ይሰጣል፤ ስትታመም የሚያክም ሰው አለ፤ ወተቷ የሚሸጥበት መረከቢያ ተደራጅቷል። መኖን በሚመለከት ገበሬው ከገለባና ከግጦሽ ሌላ አጃን ከቬች ጋር ቀላቅሎ መዝራትን፣ ፎደር ቢት የተባለውን የመኖ ሥር መትከልን ይማራል። ለናሙና የተመረጠው ገበሬ በማሳው ላይ ያየውን ጎረቤቱ አይቶ እንዲቀዳ ነበር የታሰበው። ይህ አካሄድ ትምህርትን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ማቅረብ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ፕሮጀክቶች ሁሉ በልዩ ልዩ ስም ደጋግመውታል።

የአሰላ ጣቢያ ሌላው ውለታ መዝገብ መያዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተመዘገበው የከብቶች ታሪክ ተጠናቅሮ፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) እ.ኤ.አ. በ1983 በጥናት መልክ አሳትሞታል። በዚያ ጥናት መሠረት የአርሲ ላም በአንድ የወተት ዘመን 809 ኪሎ ስትሰጥ፣ ግማሽ ፍሪዥያን የሆነችው ዲቃላ 1977 ኪሎ ሰጥታለች። ሦስት አራተኛ ፍሪዥያን የሆነችው ደግሞ 2374 ኪሎ ደርሳለች። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው የፈረንጁ ደም በጨመረ መጠን ወተቱ ይጨምራል ብሎ መደምደሙ አይቀርም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዋ የታለበችው ለ356 ቀናት፣ ሁለተኛዋ ለ408 ቀናት ነው። በቀን ሲካፈል 5.6 እና 5.8 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ልዩነቱ ከዚህ አይበልጥም። የበለጠ መኖና የበለጠ ጥንቃቄ የምትሻውን ከብት ለአነስተኛ ገበሬ ከማደል በፊት ይህ ስሌት መታወቅ ነበረበት። ለሠልጣኝ ገበሬ ከሚሰጡት ትምህርቶች ሁሉ ጠቃሚው ምናልባት ይኸው ነው፤ ላሚቱ ስንት ሰጠች ብሎ ብቻ ሳይሆን በስንት ቀን፣ በምን መኖ ብሎ መጠየቅ።

የካዱ ሥራ ያጋጠመው እንቅፋት ግን ከላሚቱም ከመኖውም አልመጣም። በጭላሎ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር። መኖ ለመዝራትና ከብት አስሮ ለመቀለብ መሬት ያስፈልጋል፤ ያሻሻለው መሬት ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ደግሞ ለዘለቄታ አይሠራም። የእህሉ እርሻ አትራፊ መሆኑ ሲታይ ባለመሬቶች በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከይዞታቸው ተነሡ። ለአነስተኛው ገበሬ የታቀደው ልማት ሳይታሰብ ለመፈናቀሉ ምክንያት ሆነ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ የጭላሎ ምሳሌ በብዙ የእርሻ ባለሙያዎች አእምሮ ውስጥ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ በጊዜው ብዙ አልተጻፈበትም፤ ይኸውም የቤቱ ጓዳ ጉዳይ ነው። በደጋው ልማድ ላሚቱ የአባወራው ብትባልም ቅቤውና አይቡ የእማወራዋ ነው። ገበያ ወስዳ የምትሸጠው እርሷ፣ በገንዘቡም ጨውና በርበሬ የምትገዛው፣ ለልጆቿ ልብስ የምታስብበት እርሷ ነች። ወተቱ ጥሬውን ለመረከቢያ ሲሸጥ ሂሳቡ የሚከፈለው በተመዘገበው ሰው ስም ነው፤ የተመዘገበውም ብድር የወሰደው አባወራ ነው። ለሥልጠና የሚጠራውም እርሱ። ሴቶች የሚጠሩት ለቤት አያያዝ ትምህርት ነበር። ስለዚህ ላሚቱን የምታልበው፣ የግቷን ማበጥ አስቀድማ የምታየው፣ እንስራውን የምታጥበው ሴት ስለ ንጹሕ አስተላለብ ትምህርት የምትሰማው ባልዋ ከስብሰባ ሲመለስ የሚነግራትን ያህል ብቻ ሆነ። ወተት ለመረከቢያ የማቅረቡ ፈቃደኝነት በአንዳንድ ቤቶች ዝቅተኛ ቢሆን፣ ምክንያቱን ከገበሬው ኋላ ቀርነት ከመፈለግ ይልቅ ከዚህ ከገቢ ሽግግር መፈለግ ይበልጥ ያስኬዳል።

ከአብዮቱ በኋላ የካዱ ሥራ ክልሉ ሰፍቶ ወደ አርሲ ገጠር ልማት ድርጅት ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የተወረሱትን ትልልቅ የወተት እርሻዎች፣ ወተት መሰብሰቡንና ማከፋፈሉን የያዘው የወተት ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ዲቃላ ጊደሮችና የባለሙያ አገልግሎት በቅድሚያ የሚሰጡት ለመንግሥት እርሻዎችና ለአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። የወል ላም ግን የወል ባለቤት አላት፤ በሌሊት ተነሥቶ የሚያያት ማን እንደሆነ ተለይቶ ካልታወቀ፣ የተሰጠው ሥልጠና ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውጤቱ ያው ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ነው ሥልጠናው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጓዳው መለስ ብሎ የተመለከተው። የኢልካ የወተት ቴክኖሎጂ ሰዎች ከፋብሪካ መሣሪያ ሳይሆን ከሸክላው መናጫ ተነሡ። አንዲት ወይም ሁለት ላም ያለው ቤት በቀን የሚያገኘው ወተት ጥቂት ነው፤ ለቀናት ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ከዚያም እንስራው እየተወዘወዘ ከሁለት ሰዓት በላይ ይገፋል። ባለሙያዎቹ በእንስራው ውስጥ የሚገባ፣ በገመድ ወዲህና ወዲያ እየተሳበ የሚሽከረከር የእንጨት መምቻ ሠሩ። እንስራው ያው የቤቱ እንስራ ነው፤ የሚጨመረው እንጨቱ ብቻ ነው። የመግፊያው ጊዜ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ በአሬራው ውስጥ ይቀር የነበረው ቅባትም አነሰ፤ በዚያው ልክ ቅቤው በዛ። አይብ አወጣጡም በጥንቃቄ ተመረመረ፤ ከ8 ሊትር ያህል 1 ኪሎ አይብ ሊገኝ እንደሚገባ ተለካ። ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1988 በኢልካ በታተመው የገጠር ወተት ቴክኖሎጂ መመሪያ ውስጥ ተጠናቅሮ ለአሠልጣኞች ቀረበ። ከዚያ በፊት ከተጻፉት መመሪያዎች የሚለየው ኢትዮጵያዊቷን ወተት ገፊ እንደ ባለሙያ አይቶ ከእርሷ አሠራር መጀመሩ ነው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ በሰላሌ አውራጃ የተጀመረው የገበሬዎች የወተት ልማት የሙከራ ፕሮጀክት ይህንኑ መንገድ አሰፋው። ቆይቶም እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 በተከናወነው የአነስተኛ ገበሬዎች የወተት ልማት ፕሮጀክት ሥር ገበሬዎች በየአካባቢያቸው የወተት ግብይት ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ በእጅ የሚዞር ክሬም መለያ አለው፤ ወተቱን ከአባላት ተረክቦ ቅቤና አይብ አድርጎ ይሸጣል። በዚህም ፋብሪካ ድረስ መጓዝ ቀረ፤ መርጋትም እንደገና ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ሥራ ሆነ።

የአጽዋማት ነገርም በዚህ ይቃለላል። በሁዳዴው 55 ቀናት ጥሬ ወተት ፈላጊ ሲያጣ፣ ላሚቱ ግን ጾም አታውቅም። ቅቤ አድርጎ ማቆየት የሚችል ቡድን ይህን ጊዜ ያልፋል፤ ጥሬ ወተት ብቻ የሚሸጥ ገበሬ ግን ዋጋው ይወድቅበታል። ይህን የጾም ሂሳብ ከውጭ የተቀዱት የሥልጠና መጻሕፍት አያውቁትም ነበር።

በእነዚህ ቡድኖች ላይ የተደረገ የምጣኔ ሀብት ጥናት ያሳየው አንድ ነገር አለ። አንድ ቤተሰብ ወተት ለቡድኑ ማቅረብ አለማቅረቡን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛ ከሆኑት አንዱ ከቤቱ እስከ መረከቢያው ያለው የእግር መንገድ ነው። በእግር የሚያስኬደው ደቂቃ በጨመረ ቁጥር የሚቀርበው ወተት ይቀንሳል። ስለዚህም መረከቢያው አጠገብ ያለው ቤት ወተቱን ለክሬም መለያው ሲያስረክብ፣ ከወንዝ ማዶ ያለው ጎረቤቱ የጠዋቱን ወተት በወይራ በታጠነው ማሰሮ ውስጥ ይጨምራል፤ ማሰሮውም እስኪሞላ ይጠበቃል።