ቦታውን የሳተ ፕሮቲን፦ የኤንፒኤም1 ዘረመል ተግባርና ጠባይ

ኤንፒኤም1 በሰው 5ኛ ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ፣ ወደ ጫፉ ተጠግቶ የሚገኝ ዘረመል ነው። ከእርሱ የሚሠራው ኒውክሊዮፎዝሚን የተባለ ፕሮቲን 294 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በቀደሙት ጽሑፎች ቢ23 ይባል ነበር። በብዛት የሚከማቸው በኒውክሊዮለስ፣ ሪቦዞም በሚገጣጠምበት የኒውክለስ ክፍል ነው። ስለዚህም የሪቦዞም ግንባታ አጋዥ ብቻ ተደርጎ ይቀርባል። አገላለጹ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ፕሮቲኑ ሂስቶኖችን ይደግፋል፣ ሴንትሮዞም ያለጊዜው እንዳይባዛ ይጠብቃል፣ ኤአርኤፍ የተባለውን የዕጢ ተከላካይ ፕሮቲን ከመፍረስ ያድናል። ሁለቱም ቅጂዎች የጠፉባቸው የአይጥ ፅንሶች ሳይወለዱ ይሞታሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው እረፍት የለሽነቱ ነው። በኒውክለስና በሳይቶፕላዝም መካከል ያለማቋረጥ ይመላለሳል፤ ሆኖም ወደ ኒውክሊዮለስ የሚስበው ኃይል ስለሚያመዝን ሁልጊዜ እዚያው የተቀመጠ ይመስላል። ለዚህ ስበት በጅራቱ በ288ኛውና በ290ኛው ቦታ ያሉት ሁለት ትሪፕቶፋኖች ወሳኝ ናቸው።

በ2005 በጣሊያናዊው ብሩኖ ፋሊኒ የተመራ ቡድን ከ591 የአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ሕሙማን የተወሰደ መቅኒ በፀረ እንግዳ አካል አቅልሞ መረመረ። በ208ቱ ቀለሙ የታየው ከኒውክሊዮለስ ውጭ፣ በሳይቶፕላዝም ነበር። ሌላው የኒውክሊዮለስ ፕሮቲን ኒውክሊዮሊን ግን ከኒውክለስ አልወጣም። የፈረሰው ቤቱ ሳይሆን፣ የወጣው አንዱ ነዋሪ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ በመጨረሻው ኤክሶን ላይ የገቡ ጥቂት ፊደላት ናቸው። በብዛት የሚታየው ዓይነት ቲ፣ ሲ፣ ቲ፣ ጂ የተባሉ አራት ፊደላት መደገም ነው። ህዋስ የዘር ጽሑፍን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ ስለሚያነብ፣ ከአራቱ አንዱ ትርፍ ሆኖ የተከታዩን ሁሉ ንባብ ያዛባል። «ሰበረ ነገረ ከፈለ» በሚለው ውስጥ አንዲት «ቀ» ብትገባ «ሰበረ ቀነገ ረከፈ ለ» ተብሎ እንደሚነበብ ማለት ነው። በዚህም ትሪፕቶፋኖቹ ይጠፋሉ። የባሰው ደግሞ የተበላሸው ንባብ በአጋጣሚ አዲስ የመውጫ ምልክት መፍጠሩ ነው፤ ኤክስፒኦ1 የተባለው አጓጓዥ ምልክቱን አይቶ ፕሮቲኑን ከኒውክለስ ያስወጣዋል።

ሕሙማኑ አንድ ጤነኛ ቅጂ አላቸው፤ ይህ ግን አይበቃም። ኒውክሊዮፎዝሚን በራስጌው አምስት አምስት ሆኖ ስለሚያያዝ የተበላሸው ጤነኛውንም ይዞት ይወጣል።

ይህ ፍልሰት ለሉኪሚያው አስፈላጊ መሆኑ በቤተ ሙከራ ታይቷል። የተበላሸው ፕሮቲን ሲወገድ ወይም ወደ ኒውክለስ እንዲመለስ ሲደረግ፣ ህዋሶቹን ባልበሰለ ደረጃ የሚያቆዩት የሆክስ ዘረመሎች ይዳከማሉ፤ ህዋሶቹም መብሰል ይጀምራሉ። ነገሩን ከቦታ መሳት ጋር ብቻ ማያያዝ ግን አሁን ያስቸግራል። በ2023 የወጡ ጥናቶች፣ በኒውክለስ የሚቀረው ጥቂቱ የተበላሸ ፕሮቲንም ክሮማቲን ላይ ተጣብቆ እነዚህኑ ዘረመሎች እንደሚያነቃ አሳይተዋል።