ከነጭ ሽንኩርት እስከ ደም ምርመራ፦ የመውለድን ተስፋ የመተንበይ ታሪክ

ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት በግብጽ ምድር የተጻፈና ዛሬ በኮፐንሃገን የሚገኝ አንድ ፓፒረስ፣ አንዲት ሴት መውለድ ትችል እንደሆነ የሚታወቅበትን ዘዴ ይነግረናል። ነጭ ሽንኩርት በማሕፀኗ ደጅ ያድራል፤ ሲነጋ ሽታው በአፏ ከተሰማ ትወልዳለች፤ ካልተሰማ ተስፋ የላትም። በሂፖክራጥስ ስም የሚጠሩት የግሪክ መጻሕፍትም ሽንኩርቱን በጢስ ተክተው ፈተናውን ደገሙት። ሴቲቱ በልብስ ተሸፍና ከታች ትታጠናለች፤ መዓዛው ወደ አፍንጫዋና ወደ አፏ ከዘለቀ መካንነቱ ከእርሷ አይደለም ይባል ነበር። በዚህ ሁሉ ባልየውን የጠየቀው አልነበረም። ዛሬ ግን ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱም ድርሻ እንዳለበት ይታወቃል።

ከሽታ ወደ ቁጥር የተሸጋገርነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የፈጠሩት የመለኪያ ዘዴ በደም ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ሆርሞን ለመመዘን አስቻለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ ሉዊዝ ብራውን ከማሕፀን ውጪ በተጀመረ ፅንስ ተወለደች። የእናቷ የማሕፀን ቱቦዎች የተዘጉ ነበሩ። ሐኪሞቹም እንቁላል የሚያበዛ መድኃኒት ሳይሰጧት፣ በሽንቷ ውስጥ ያለውን ሆርሞን እየለኩ ሰዓቱን ጠብቀው አንዲት እንቁላል ብቻ ወሰዱ።

ሕክምናው ሲስፋፋ ለማን ይሳካል የሚለው ጥያቄ ገነነ። በ1980ዎቹ መጨረሻ መልሱ ኤፍ ኤስ ኤች በተባለው ሆርሞን ተፈለገ። ይህን ሆርሞን ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች እጢ ታመነጨዋለች፤ ኦቫሪ የተባለው የእንቁላል ማደሪያ እንዲሠራም ታዝበታለች። በሬው ሲደክም የአራሹ ጩኸትና ጅራፍ እንደሚበዛ፣ ኦቫሪውም ሲደክም ሆርሞኑ ይጨምራል። ስለዚህ በወር አበባ ሦስተኛ ቀን ገደማ ከፍ ብሎ የተገኘ ልኬት የድካም ምልክት ሆነ። ችግሩ ቁጥሩ ከወር ወር መዋዠቁ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ኤ ኤም ኤች ታሪኩ ይበልጥ ይገርማል። የተገኘው ሴትን በመመርመር አይደለም። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት እ.ኤ.አ. በ1947 በጥንቸል ፅንሶች ላይ ሲመራመር፣ የወንዱ ፅንስ የሴት ብልት አካላት እንዳይበቅሉበት የሚያግድ አንድ ነገር እንደሚያመነጭ ተረዳ። ይኸው ሆርሞን በሴቶችም ኦቫሪ ውስጥ፣ በማደግ ላይ ባሉ ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች እንደሚሠራ የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጡ ጥናቶች ልኬቱ ከፍ ያለ ሴት በሕክምናው ጊዜ ብዙ እንቁላል እንደምትሰጥ አሳዩ። ቁጥሩም እንደ ኤፍ ኤስ ኤች ብዙ አይዋዥቅምና በየክሊኒኩ ተወደደ።

መወደዱ ግን መዘዝ አመጣ። ኤ ኤም ኤች በጎተራው የቀረውን እህል ይገምታል እንጂ ዘሩ ይበቅል እንደሆነ አይናገርም። የእንቁላሉ ጥራት በይበልጥ የሚከተለው የሴቲቱን ዕድሜ ነው። አነስተኛ ልኬት ያላት የ30 ዓመት ሴት፣ ከፍተኛ ልኬት ካላት የ43 ዓመት ሴት ይልቅ የመውለድ ዕድሏ ሊበልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናትም የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆናቸውን ሴቶች ተከታትሎ፣ ኤ ኤም ኤች ያነሰባቸው ከሌሎቹ ባልተለየ ሁኔታ በተፈጥሮ መንገድ ማርገዛቸውን አረጋገጠ።

ይህ ወሬ ለእኛ የሩቅ አይደለም። በካምፓላ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በናይሮቢ በ2006 በዚህ ሕክምና ሕፃናት ተወልደዋል፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማእከል ተከፍቷል። በክፍለ አህጉራችን ሕክምናው ለብዙዎች ጥሪት የሚያስጨርስ ነው፤ መካን የሚለው ስምም ትዳር ያፈርሳል። ስለዚህ «ልኬትሽ ዝቅተኛ ነው» የሚል ወረቀት የተቀበለች ሴት የፍርድ ደብዳቤ እንደደረሳት ብትቆጥረው አያስደንቅም። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን፣ ምን እንደተለካ ሳያስረዳ ወረቀቱን የሰጣት ባለሙያ ነው። ሐኪሙ በቁጥሩ የሚወስነው በዋነኛነት የመርፌውን መጠን ነው፦ ዝቅ ካለ ከፍ ያለ መጠን ያዝዛል፤ እጅግ ከፍ ካለ ደግሞ ኦቫሪው ከልክ በላይ አብጦ ሕይወቷን ለአደጋ እንዳያጋልጥ መጠኑን ይቀንሳል።