የመድኃኒት ፓተንትና የሕንድ የ1970 ሕግ

ፓተንት ማለት አንድ አዲስ ነገር የፈለሰፈ ሰው ወይም ድርጅት የፈጠራውን አሠራር በጽሑፍ ገልጦ ለመንግሥት ሲያስመዘግብ፣ በምትኩ ለተወሰነ ዘመን ሌላው ሰው ያለ ፈቃዱ ያን ፈጠራ እንዳይሠራ፣ እንዳይሸጥና ከውጭ አገር እንዳያስገባ ለመከልከል የሚያገኘው መብት ነው። ይህ መብት በወፍጮ ወይም በልብስ ስፌት መኪና ላይ ሲሰጥ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው የነጋዴዎች ክርክር ነው። በመድኃኒት ላይ ሲሰጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የስፌት መኪና የተወደደበት ሰው በእጁ ሊሰፋ ወይም ዓመት ሊታገሥ ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የደም ካንሰር የያዘው ሰው ግን የመብቱ ዘመን እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም። በሌላው ወገን ደግሞ አዲስ መድኃኒት ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ እጅግ ብዙ፣ የተገኘውን መስሎ ለመሥራት የሚወጣው ግን ጥቂት ስለ ሆነ፣ ጥበቃ ከሌለ በምርምር ላይ ገንዘቡን የሚያውል አይገኝም የሚለው የኩባንያዎች ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ልዩ ልዩ አገሮች ልዩ ልዩ ወሰን አበጅተዋል። ከእነዚህም ሁሉ ለመምህርና ለዕቅድ አውጪ ብዙ ቁም ነገር የያዘው የሕንድ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የሕንድን ሕግ ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ወደ አውሮፓ መመለስ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በ1844 ባወጣችው ሕግ የመድኃኒት ቅንብርን ከፓተንት ውጭ አድርጋ ነበር። ጀርመንም በ1877 ለመላው ግዛቷ የሚያገለግል የፓተንት ሕግ ስታወጣ፣ መድኃኒት፣ ምግብና በኬሚስትሪ የሚገኝ ውሁድ ራሱ በማንም ባለመብት እጅ እንዳይያዝ ከለከለች። መብት የሚሰጠው ውሁዱ ለተሠራበት ዘዴ ብቻ ሆነ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ውሁዱ ራሱ በአንድ ሰው እጅ ከተያዘ የተሻለና የረከሰ የአሠራር መንገድ ለመፈለግ የሚደክም ሌላ ኬሚስት አይኖርም። የባየር ኩባንያ የአስፒሪን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ኩባንያው በ1899 አስፒሪን የሚለውን ስም በጀርመን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ እንጂ፣ ውሁዱ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ በገዛ አገሩ ፓተንት አላገኘበትም። በ1900 ፓተንት የሰጠችው አሜሪካ ነበረች። ሆኖም በዚያ ዘመን በመድኃኒት ሥራ ዓለምን የምትመራው ጀርመን እንጂ አሜሪካ አልነበረችም። ጀርመን መድኃኒቱን ራሱን በፓተንት መጠበቅ የጀመረችው በ1968፣ ኢጣልያ በ1978 ነው፤ ስዊስም ይህንኑ ያደረገችው በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ የጠበቀ የፓተንት ሕግ የሚሟገቱት አገሮች ኢንዱስትሪያቸውን የገነቡት ላላ ባለ ሕግ ሥር መሆኑ፣ የፈልሳፊዎች ስም በሚዘረዘርባቸው የታሪክ ትምህርቶች ውስጥ እምብዛም አይነገርም።

ሕንድ ግን እንዲህ ያለውን ሕግ ለራሷ የመምረጥ ዕድል አልነበራትም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች በ1911 የወጣላት የፓተንትና የንድፍ ሕግ ለመድኃኒቱም ለዘዴውም መብት የሚሰጥ ነበር፤ የመብቱም ዘመን ነፃነቷን ባገኘችበት ጊዜ 16 ዓመት ነበር። በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላ መንግሥቱ በዓመቱ በቀድሞው የላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በባክሺ ቴክ ቻንድ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ከዚያም ጉዳዩን ዳኛ ራጃጎፓላ አያንጋር እንዲመረምሩት ተደርጎ፣ ሰፊውን ሪፖርታቸውን በመስከረም 1959 አቀረቡ። ሪፖርቱ ደረቅ የሕግ ጽሑፍ ቢመስልም፣ በውስጡ ያለው ግኝት ከባድ ነበር። በሕንድ ከተመዘገቡት ፓተንቶች ውስጥ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት የውጭ ዜጎች ንብረት ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕንድ ምድር በሥራ ላይ አልዋሉም። እንግዲህ መዝገብ ውስጥ የተቀመጠው መብት በአገሩ ፋብሪካ አላቆመም፤ ያገለገለው ሌላው እንዳያቆም ለመከልከልና ከውጭ ለሚገባው ዕቃ ገበያውን አጥሮ ለመጠበቅ ነበር። አያንጋርም የጀርመንን ምሳሌ በመመልከት በመድኃኒትና በምግብ ረገድ መብቱ በዘዴው ላይ ብቻ እንዲወሰን አሳሰቡ።

በዚያው በ1959 ማብቂያ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በሴናተር ኤስቲስ ኬፎቨር የሚመራው ንዑስ ኮሚቴ የመድኃኒትን ዋጋ መመርመር ጀምሮ ነበር። ኮሚቴው የልዩ ልዩ አገሮችን ዋጋ ሲያነጻጽር፣ ሕዝቧ እጅግ ደኻ የሆነችው ሕንድ መድኃኒት በጣም ከሚወደድባቸው አገሮች ተርታ ተገኘች። ይህ ቃል የመጣው ከሕንድ ሳይሆን ከአሜሪካ ምክር ቤት በመሆኑ፣ ለሕንድ ሕግ አርቃቂዎች ከማንኛውም የቤት ውስጥ ክርክር የበለጠ አገልግሏቸዋል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ወዲያው አልወጣም። በ1965 የቀረበው ረቂቅ የምክር ቤቱ ዘመን በማለቁ ቀረ፤ በ1967 ደግሞ እንደገና ቀረበ። በመጨረሻ በመስከረም 1970 ጸድቆ ከሚያዝያ 20 ቀን 1972 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ መሠረት ለመድኃኒትና ለምግብ የሚሰጠው ፓተንት ለአሠራር ዘዴው ብቻ ሆነ። ዘመኑም መብቱ ከተሰጠበት ቀን 5 ዓመት ወይም ከማመልከቻው ቀን 7 ዓመት ሆኖ፣ ከሁለቱ አጭሩ እንዲጸና ተደረገ፤ ለሌሎች ፈጠራዎች ግን 14 ዓመት ነበር። መብቱ ከተሰጠ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ማንኛውም አምራች ለባለመብቱ ተመጣጣኝ ክፍያ እየከፈለ ዘዴውን ለመጠቀም ይችላል።

በዘዴና በውጤት መካከል ያለው ልዩነት ለኬሚስትሪ መምህር ቅርብ ነው። አንድ ተራራ ላይ ለመውጣት ሦስት መንገድ ቢኖር፣ የዘዴ ፓተንት አንዱን መንገድ ይዘጋል፤ የውጤት ፓተንት ግን ተራራውን ያጥራል። ከልዩ መነሻ ንጥረ ነገር ተነሥቶ፣ የአጸግብሮቱን ቅደም ተከተል ለውጦ፣ ወደዚያው ውሁድ የሚደርስ ኬሚስት በ1970ው ሕግ ወንጀለኛ አይደለም፤ እንዲያውም የራሱን መንገድ ለማስመዝገብ ይችላል። የተራራው ራስ ለሁሉም የተከፈተ ነው። ነገር ግን መንገዱን የሚያውቅ፣ የሚወጣም እግር ያለው ሰው መኖር አለበት።

በዚህ ነጥብ ላይ ስለ ሕንድ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጉዳይ ይገኛል። ለኢንዱስትሪው መስፋፋት ምክንያቱ ሕጉ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ተለምዷል። ነገር ግን ብራዚል ከሕንድ ቀድማ በ1945 መድኃኒቱን፣ በ1969 ደግሞ ዘዴውን ጭምር ከፓተንት ውጭ ብታደርግም፣ የሕንድን ያህል ጥሬ መድኃኒት የሚያመርት ኢንዱስትሪ አላቆመችም። ስለዚህ ልዩነቱ ከሕጉ ቃል ውስጥ ብቻ ሊፈለግ አይገባውም። ሕንድ ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ ለረጅም ዘመን ኬሚስቶች ስታሠለጥን ቆይታ ነበር። በቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ቴክኖሎጂ ክፍል የተከፈተው በ1933፣ በፑኔ ብሔራዊው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የተመረቀው በ1950፣ በላክናው የመድኃኒት ምርምር ተቋም የቆመው በ1951 ነው። በፒምፕሪ የተቋቋመው የመንግሥት ፋብሪካ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እርዳታ በ1955 ፔኒሲሊን ማምረት ጀመረ። በ1961 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሌላ የመንግሥት የመድኃኒት ድርጅት ተቋቁሞ፣ ከፋብሪካዎቹ አንዱ በሃይደራባድ ቆመ።

የአንጂ ሬዲ የሥራ ታሪክ የዚህን ሁሉ ትስስር ያሳያል። ከቦምቤዩ የኬሚካል ቴክኖሎጂ ክፍል ተመርቀው፣ በፑኔ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ በሃይደራባድ የመንግሥት ፋብሪካ ከ1969 እስከ 1975 ሠሩ፤ በ1984 ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋሙ። የመንግሥት ፋብሪካዎቹ በንግድ ረገድ ብዙም አልቀናቸውም፤ የሃይደራባዱ እናት ድርጅት በ1992 በኪሳራ ከተመዘገቡት ውስጥ ነበር። ሆኖም በሂሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ የሆነው ፋብሪካ በሌላ መዝገብ ቢመረመር ትልቅ የሥራ ላይ ትምህርት ቤት ሆኖ ይገኛል። የዕቅድ አውጪዎች ሚዛን ይህን ሁለተኛውን መዝገብ የሚመዝንበት ድንጋይ ብዙ ጊዜ አይኖረውም።

ሕጉ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። የሕንድ ኩባንያዎች በሌላ አገር የተገኘውን መድኃኒት በአዲስ ዘዴ በመሥራት እጅግ ሠለጠኑ እንጂ፣ ከዚህ በፊት ያልታወቀ መድኃኒት በማግኘት ብዙም አልታወቁም። ዘዴ መለወጥ ትርፍ እስካስገኘ ድረስ ወደ አዲስ ግኝት የሚገፋ ነገር አልነበረም። እንደ ካላዛር ያሉት የድኾች በሽታዎችም በውጤት ፓተንት አገሮች ውስጥ እንደ ተረሱት ሁሉ በሕንድም የንግድ ምርምር ዘንድ ብዙ ትኩረት አላገኙም።

በ1986 በኡራጓይ የተጀመረው የንግድ ድርድር ይህን ሥርዓት ለወጠው። በሚያዝያ 1994 በማራኬሽ የተፈረመው ስምምነት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሚሆኑ አገሮች ሁሉ በማንኛውም የቴክኖሎጂ መስክ ለ20 ዓመት ፓተንት እንዲሰጡ አስገደደ። ሕንድ ለመድኃኒት እስከ 2005 መጀመሪያ ድረስ የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጣት። በእነዚያ የመሸጋገሪያ ዓመታት ውስጥ ነበር የ1970ው ሕግ ትርጉም ከሕንድ ወሰን ውጭ የታወቀው።

ኤች አይ ቪን የሚገታው የሦስት መድኃኒቶች ጥምር ሕክምና በ1996 ሲታወቅ፣ ለአንድ ሕመምተኛ የዓመት ዋጋው ከ10000 እስከ 15000 የአሜሪካ ዶላር ይደርስ ነበር። በዚህ ዋጋ በአፍሪካ ያለ ሕመምተኛ ሕክምናውን ሊያገኝ የማይታሰብ ነበር። ሕንድ ውስጥ ግን ሥራው አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በሃይደራባድ በሚገኘው የመንግሥት የኬሚካል ቴክኖሎጂ ተቋም በራማ ራው መሪነት ለመጀመሪያው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለኤ ዜድ ቲ የአሠራር ዘዴ ተገኝቶለት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲፕላ የተባለው ኩባንያ ለገበያ አቅርቦታል። ሲፕላ በበርሊን ኬሚስትሪ በተማሩት በክዋጃ አብዱል ሃሚድ በ1935 በቦምቤይ የተመሠረተ ነው፤ በዚያ ዘመን ይመሩት የነበሩት ልጃቸው ዩሱፍ ሃሚድም በካምብሪጅ የሠለጠኑ ኬሚስት ናቸው። በየካቲት 2001 ኩባንያው የሦስቱን መድኃኒቶች ጥምር ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 350 ዶላር ለመስጠት እንደሚችል አስታወቀ።

ከዋጋው ይልቅ ግን የእንክብሉ ነገር የበለጠ ያስተምራል። ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን የተባሉት ሦስቱ መድኃኒቶች በሌሎች አገሮች በሦስት የተለያዩ ኩባንያዎች እጅ ነበሩ፤ ስለዚህ ሦስቱን በአንድ እንክብል ውስጥ ለማዋሐድ የሦስት ተፎካካሪዎች ስምምነት ያስፈልግ ነበር። በሕንድ ሕግ ውሁዶቹ በማንም ያልተያዙ ስለ ነበሩ አንድ አምራች ሦስቱን በአንድ እንክብል አደረጋቸው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ የሚዋጠው ይህ እንክብል ማቀዝቀዣ በሌለበትና ሐኪም በማይበዛበት ገጠር ሕክምናውን ለመስጠት አመቺ ሆነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ላይ የመሠረቱትን ክስ አነሡ፤ በኅዳርም በዶሃ የተሰበሰቡት ሚኒስትሮች የፓተንት ስምምነቱ አገሮች የሕዝባቸውን ጤና ከመጠበቅ ሊያግዳቸው እንደማይገባ አወጁ።

ሕንድ ቃሏን ጠብቃ በ2005 መድኃኒቱን ራሱን በፓተንት መጠበቅ ጀመረች። ነገር ግን የታወቀ መድኃኒት መልኩ ብቻ ተለውጦ ሲቀርብ፣ የመፈወስ ኃይሉ ካልተሻሻለ አዲስ ፓተንት እንዳይሰጠው የሚከለክል አንቀጽ ጨመረችበት። የደም ካንሰር መድኃኒት በሆነው በግሊቬክ ላይ የኖቫርቲስ ኩባንያ ያቀረበውን ጥያቄ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 1 ቀን 2013 የጣለው በዚሁ አንቀጽ ነው። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለኔክሳቫር የካንሰር መድኃኒት የግዴታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የወር ዋጋው ከ280000 ሩፒ ወደ 8800 ሩፒ ወርዶ ነበር።

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለ ክፍያ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከታደሉት ውስጥ በሕንድ ፋብሪካዎች የተሠሩ ይገኙበታል። የአገሪቱ የፓተንት ሕግ የሆነው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ሕመምተኛን የማከም ዘዴን ከፓተንት ውጭ ሲያደርግ፣ መድኃኒትን ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። በዘመኑ ረገድ አዋጁ የያዘው ድንጋጌ አያንጋር በ1959 ካነሡት ጥያቄ ጋር ይገናኛል። መብቱ ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ተጨማሪው 5 ዓመት የሚሰጠው ግን ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገባ በሥራ ላይ መዋሉ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው።