የማዞር መነሻ ፍለጋ

ክፍሉ በድንገት ይሽከረከራል፤ ወለሉ ከእግር ሥር ይከዳል፤ ሆድ ይገላበጣል። ብርሃንና ድምፅ ያስጨንቃሉ። ታማሚው ግድግዳ ተደግፎ እስኪያልፍለት ይጠብቃል፤ ራሱን ጨርሶ ላያመውም ይችላል። ዛሬ «ቬስቲቡላር ማይግሬን» የሚባለው ይህ ሕመም ሐኪሞች የተስማሙበት መለያ እስኪያገኝ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፓሪስ ውስጥ ሰው አዙሮት ሲወድቅ፣ ሐኪሞች ደም አንጎሉ ላይ ተጠራቅሞ ነው ብለው ደሙን ያፈስሱ፣ በአልቅት ያስመጥጡ ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች ተቋም ሐኪም የነበረው ፕሮስፔር ሜኒዬር ግን በሽተኞቹ ሲያዞራቸው ጆሯቸው እንደሚጮህና መስማታቸው እንደሚቀንስ አስተዋለ። በ1861 እ.ኤ.አ. በሕክምና አካዳሚው ፊት ቀርቦ መነሻው የውስጥ ጆሮ ነው አለ። አንዳንዶቹ ማይግሬን እንዳለባቸውም ጠቅሷል። በዓመቱ ሞተ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሊቪንግ በ1873 ስለ ማይግሬን ባሳተመው መጽሐፍ ማዞርን ከዚሁ ሕመም ጋር አዛመደው።

ሆኖም ሚዛኑ ወደ ጆሮ አጋደለ። ሮበርት ባራኒ ቪየና ውስጥ ሞቅ ያለና ቀዝቃዛ ውኃ ጆሮ ውስጥ እያስገባ የዓይንን መንቀጥቀጥ በማየት የሚዛን ሥርዓትን መመርመሪያ አበጀ፤ የ1914ን የኖቤል ሽልማትም አገኘ። ማዞሩ ከማይግሬን የመጣበት ሰው ግን ጆሮው ሲመረመር ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ታማሚ ከጆሮ ሐኪም ወደ ነርቭ ሐኪም ሲመላለስ ኖሯል።

በ1984 ካያንና ሁድ የተባሉ ተመራማሪዎች 200 የማይግሬን ታማሚዎችን በውጥረት ራስ ምታት ከሚሠቃዩ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ከማይግሬን ታማሚዎቹ 26.5 ከመቶው ማዞር ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 7.8 ከመቶው ብቻ።

በባራኒ ስም የተሰየመው ማኅበር ከዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ጋር መለያውን ያጸደቀው በ2012 ነው፦ ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ቢያንስ 5 ጊዜ የተከሰተ ማዞር፣ የማይግሬን ታሪክ፣ ቢያንስ በግማሾቹ ላይ እንደ ራስ ፍልጠት ወይም ብርሃንና ድምፅ አለመቻል ያለ ምልክት። ሌላ ምክንያት አለመኖሩም ይጣራል።

በሽታውን ለይቶ የሚያሳይ የደምም ሆነ የራጅ ምርመራ ስለሌለ ሐኪሙ የሚተማመነው በታማሚው ቃል ነው። ስለዚህ ማዞሩ የመጣበትን ሰዓት፣ የታለፈ ምግብን፣ የእንቅልፍ ማጣትንና የወር አበባን ቀን የያዘ ማስታወሻ ትልቅ ዋጋ አለው። ለሚደጋገምበት ሰው እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መከላከያዎች በሐኪም ይታዘዛሉ። አንዳንዶችን ደግሞ በ1940ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ካውቶርንና ኩክሲ ያዘጋጁት የሚዛን ልምምድ ይረዳል፦ መጀመሪያ ዓይንን፣ ቀጥሎ ጭንቅላትን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ ቆሞ ኳስ መቀባበል፣ በመጨረሻም ዓይንን ጨፍኖ ክፍሉን ማቋረጥ።