መድኃኒቱ የዶሮ መኖ የሆነበት ታሪክ

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሌደርሌ በተባለ የመድኃኒት አምራች ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ ለጫጩቶች የሚሆን ርካሽ የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ይፈልጉ ነበር። ኦሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከተመረተ በኋላ የሚተርፈውን ዝቃጭ ከመኖ ጋር ቀላቅለው ቢሰጧቸው፣ ጫጩቶቹ ቫይታሚኑ ብቻ ሊያሳድጋቸው ከሚችለው በላይ ፈጥነው አደጉ። ምክንያቱም በዝቃጩ ውስጥ የቀረው ጥቂት መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። በ1951 የአሜሪካ መንግሥት አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመኖ ጋር እንዲቀላቀል ፈቀደ። ለበሽተኛ የተሠራው መድኃኒት በዚህ ሁኔታ ለጤነኛ ዶሮ በየዕለቱ ይሰጥ ጀመር።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ ያለው ከጥቂትነቱ ላይ ነው። መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ደካማዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድልና መቋቋም የሚችሉትን ይተዋል፤ እነርሱም ቦታውን ለብቻቸው ይዘው ይራባሉ። የመቋቋም ችሎታቸውን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ማስተላለፍ መቻላቸው ደግሞ ነገሩን ከዶሮ ቤት ያወጣዋል።

ይህንን በግልጽ ያሳየው ስቱዋርት ሌቪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ሌቪና ባልደረቦቹ በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ቤተሰብ እርሻ ላይ ለሚረቡ ዶሮዎች ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ ሰጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በዶሮዎቹ አንጀት የሚገኙት ባክቴሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሆኑ። መኖውን የበሉት ዶሮዎቹ ቢሆኑም፣ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ተራው የቤተሰቡ ሆነ። በየሳምንቱ ከተወሰደው የሰገራ ናሙናቸው በ31.3 በመቶው ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የተላመደ ነበር። በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ናሙና 6.8 በመቶ ብቻ ነበር።

ይኸው ኦክሲቴትራሳይክሊን በአገራችን ዶሮ አርቢዎች ዘንድም በደንብ የታወቀ ነው። በመጠጥ ውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት ለባክቴሪያ በሽታ በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ቀን ሲሰጥ ይጠቅማል። ለፈንግል ግን ፋይዳ የለውም፤ ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነውና መከላከያው ክትባት ነው። ዶሮ ክንፏን በጣለች ቁጥር ዱቄት መበጥበጥ ገንዘብ ማባከን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የሚያሰጋው በዚያው ግቢ የሚኖር ሰው ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አልሠራ ማለቱ ነው።

በእንግሊዝ የስዋን ኮሚቴ ገና በ1969 ለሰው ሕክምና የሚውሉ አንቲባዮቲኮች ለእንስሳት ማሳደጊያነት እንዳይውሉ አሳስቦ ነበር። ስዊድን በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2006 አንቲባዮቲክን ለእድገት መስጠትን ሙሉ በሙሉ ከለከሉ። ቀድሞ የፈቀደችው አሜሪካ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን ከዚህ አገልግሎት ያስወጣችው በ2017 ነው፤ ዘግይታለች።

ኪሳራ ይመጣል የሚል ስጋት ነበር። በዴንማርክ አቮፓርሲን የተባለው ማሳደጊያ በታገደበት በ1995፣ ከሥጋ ዶሮዎች ከተገኙት የኢንቴሮኮከስ ፌሲየም ባክቴሪያዎች 72.7 በመቶው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ነበሩ፤ በ2000 ወደ 5.8 በመቶ ወረዱ። የአገሪቱ የሥጋ ዶሮ አርቢዎች በ1998 ማሳደጊያዎቹን በሙሉ ሲያቆሙም የዶሮ ሞት አልጨመረም። ለአንድ ኪሎ ዶሮ የተጨመረው መኖ 16 ግራም ያህል ነበር።