በባሕር ዳር የተነሣናቸው ፎቶግራፎች

ቀድመዋችሁ የገቡ ዘመዶቻችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ቡናው እስኪፈላ አልበም እጃችሁ ላይ መድረሱ አይቀርም። በውስጡም ነታንያ ባሕር ዳር የተነሡ ፎቶዎች አሉ፤ ነጠላ የለበሱ እናት፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ አባት፣ ከኋላቸው ሰማያዊ ውኃ። ብዙ ጊዜ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ዓይንና አፍንጫው አይለይም። ምክንያቱን ከመናገራችን በፊት ፎቶ ስለሌለው የባሕር ዳር ጉዞ ጥቂት እንበል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የሰፈራችን ስም ዐጋሚም በዕብራይስጥ ሐይቆች ማለት ነው። ከጎንደር የወጣው ወገናችን ሐይቅን ያውቃል፣ ጣናን፤ ባሕርን ግን አያውቅም ነበር። ከፊሉ ባሕርን መጀመሪያ ያየው በሱዳን በሌሊት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን፣ ጣሊያኖች ሠርተው የተዉትን አሩስ የተባለ የመዝናኛ መንደር ተከራየ። ቀን ቀን ከአውሮፓ የመጡ እንግዶች ባሕር ውስጥ እየጠለቁ ይዝናናሉ፤ ሌሊት ከገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች በጭነት መኪና የመጡ ቤተ እስራኤል በጎማ ጀልባ ባት ጋሊም ወደምትባለው መርከብ ይሻገራሉ። ለእንግዶቹ ፎቶ ያለበት የማስታወቂያ ጽሑፍ ታትሞ ነበር። ስንት ሳምንት በእግሩ ለተጓዘ ስደተኛ ግን ካሜራ ከየት ይመጣል? ቢኖርስ፣ በዚያ ጊዜ ፎቶ ማለት ለእስር የሚዳርግ ማስረጃ ነው። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ተኩስ ከከፈቱ በኋላ ጉዞው ወደ አውሮፕላን ዞረ።

በሙሴ ዘመቻ (1984–85)፣ በኋላም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከገቡት ብዙዎች ነታንያ ሰፈሩ። ባሕሩ አሁን በቀን የሚታይ ሆነ፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ከገደሉ ሥር ወዳለው አሸዋ መውረድ ብቻ ነው። አንድ ፊልም 24 ወይም 36 ፎቶ ብቻ ያነሣል፤ ስለዚህ ሁሉም ተስተካክሎ፣ ቆሞ ይነሣ ነበር። ፎቶውም በደብዳቤ ታሽጎ እዚያ ለቀሩት ይላካል። እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን፣ መክሳት መወፈሩን የምታየው በዚያ ነው። ፊቱ ካልታየ ምኑን አየችው?

ጥፋቱ የተነሺው አይደለም። በቀትር አሸዋና ውኃ እጅግ ያንጸባርቃሉ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ሁሉን በአማካይ ስለሚቆጥር ብርሃን የበዛ መስሎት ወደ ፊልሙ የሚገባውን ይቀንሳል፤ ጠይሙና ጥቁሩ ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ፎቶ ቤቶችም ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ ባዘጋጀው ሸርሊ ካርድ በሚባል ናሙና ነበር፤ በካርዱ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የእርሷ ፊት ካማረ ሥራው ደኅና ነው። የኮዳክ የቀድሞ ሠራተኞች እንደተናገሩት፣ ፊልሙ ጥቁርና ቡናማ ቀለምን በደንብ እንዲለይ የተሻሻለው የእንጨት ዕቃና የቸኮላት አምራቾች «ዕቃችን በፎቶ አያምርም» ብለው ስላማረሩ ነው። ከሰው ፊት ይልቅ ቸኮላት ተሰማ! ነጭ፣ ጥቁርና እስያዊት ሴት አንድ ላይ ያሉበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

እንግዲህ አልበሙን ስታዩ፣ ፎቶ ቤቱ በሰጠው ፖስታ ውስጥ የቀረ ቡናማ ኔጋቲቭ እንዳለ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የጠፋ ፊት አንዳንድ ጊዜ ኔጋቲቩ ላይ አለ፤ ጥፋቱ የሕትመቱ ከሆነ ዛሬ በስካነር ሊወጣ ይችላል። ጠርዙን ብቻ ያዙ፤ ጣት ያበላሸዋል። ስሙንና ዓመቱን ባለቤቶቹ ሲነግሯችሁ ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ።