ጸደቀ ወይስ ተሻረ? የኳስ ሙግት ቃላት ከየት መጡ

ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት የአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ። አጥቂው ሳጥን ውስጥ ሲወድቅ «ፔናሊቲ ይገባናል!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ዳኛው ዝም ብሎ ጨዋታውን ካስቀጠለ «አዳላ!» ይከተላል። ጎል ገብቶ ነገሩ ወደ ቫር (ወደ ቪዲዮ ረዳት ዳኛ) ሲሄድ ደግሞ ግማሹ ቤት «ይጸድቃል»፣ ግማሹ «ይሻራል» እያለ ይፋለማል። ይገባል፣ አዳላ፣ ጸደቀ፣ ተሻረ፦ ከአራቱ አንዱም ከኳስ ጋር የተወለደ ቃል አይደለም። ሁሉም ኳስ አገራችን ከመግባቱ በፊት በችሎት፣ በቤተ ክርስቲያንና በቤተ መንግሥት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው።

የኳስ ቋንቋችንን ሥር ስንቆፍር የምናገኘው ነገር ይህ ነው፦ ዕቃውና ርግጫው ከባሕር ማዶ መጣ፤ ፍርዱን ግን አማርኛ ከራሱ ጓዳ አወጣ። ለመዳኘት፣ ለመሟገት፣ ለመሻር ቃል መበደር አላስፈለገንም።

በዕቃው እንጀምር። ማልያ የጣልያንኛው «ማሊያ» ነው፤ ሥሩ የላቲኑ «ማኩላ» ሲሆን ከትርጉሞቹ አንዱ የመረብ ዓይን ነው፤ ከክር የተሠራ ልብስ ስሙን ከዚያ አገኘ። ታኬታ «ታኮ» ከሚለው የተረከዝ ስም የተወለደ ነው፤ ያው ታኮ በአማርኛም በሴቶች ጫማ ስም ውስጥ ይኖራል። ፊሽካ ከጣልያንኛ የፉጨት ቃል የመጣ ነው። ቴስታ ጭንቅላት ነው፤ በጥንቱ ላቲን ግን ሸክላ፣ ገል ማለት ነበር። ካልቾ ደግሞ ለጣልያኖቹ ርግጫም እግር ኳስም ነው፤ አማርኛ ስፖርቱን ትቶ ርግጫውን ብቻ ወሰደ። ለዚህ ነው ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ «በካልቾ አለው»፣ «በቴስታ መታው» የምንለው። ከሜዳ የተነሣው ቃል ሰፈር ወርዶ የጠብ ቃል ሆነ።

እነዚህ ቃላት የገቡበት በር የታወቀ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ አለ፤ ከወረራው በፊትና በኋላ እዚህ የኖሩ ጣልያናውያን አሉ፤ ኳስን ቀድማ የለመደችው አስመራም አለች። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። ማልያና ፊሽካ በአማርኛ የበቀሉት እንዲህ ባለው ትውልድ አፍ ላይ ነው።

ማልያ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስፖርት ጋዜጠኞች ዛሬ «መለያ» ይሉታል፤ ቡድንን ከቡድን የሚለይ ልብስ ስለሆነ ቃሉ ሥራውን በሚገባ ይገልጻል። ድምፁም ለማልያ ስለሚቀርብ ብዙ ሰው ማልያ የመለያ ብልሽት ይመስለዋል። ሁለቱ ግን ዘመድ አይደሉም። መለያ ከአማርኛው «ለየ» ይወለዳል፤ ማልያ ከላቲኑ መረብ። ጆሮ ያገናኛቸው ባዕዳን ናቸው።

ቲፎዞም ከዚያው በር የገባ ነው። «ቲፎ» በጣልያንኛ የተስቦ በሽታ ስም ነው፤ ምንጩ ጢስን፣ የአእምሮ መደንዘዝን የሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። ጣልያኖች ደጋፊውን ትኩሳት እንደያዘው ሰው አይተው «ቲፎዞ» አሉት። አማርኛ በሽታውን አላወቀውም፤ ጩኸቱንና አጀቡን ግን በደንብ ያዘ። ዛሬ ፖለቲከኛም ዘፋኝም ቲፎዞ አለው ይባላል። «ደጋፊ» ግን ሌላ ሰው ነው። ደገፈ ማለት የሚወድቀውን ያዘ ማለት ነውና ደጋፊ ቡድኑ ሲዘም ትከሻውን የሚያቀርብ ነው። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ሁለቱንም ስም ሊሸከም ይችላል፤ ሲከራከር ግን የትኛው እንደሚያሸንፈው ይታወቅበታል።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ። የሁሉም ሙግት ማዕከል ዳኛ ነው። ቃሉ ከደ-የ-ነ ይወጣል፦ በግዕዝ ደየነ ፈረደ፣ ደይን ፍርድ፣ ደያኒ ፈራጅ ነው። ዕብራይስጥም ዐረብኛም ይህን ሥር ለፍርድ ይጠቀሙበታል። ለማኒ በአማርኛ ለማኝ እንደሆነ ሁሉ የደያኒ «ን»ም ተለውጦ «ኝ» ሆነ። ስለዚህ በዳኛ ውስጥ ያለው «ኛ» በበረኛ ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም። በረኛ «በር» ላይ «-ኛ» ተቀጥሎበት የተሠራ ነው፤ የጎል በር ሳይጠብቅ በፊት የቤተ መንግሥትና የባላባት ደጅ ጠባቂ ነበር። የዳኛ «ኛ» ግን ቅጥያ ሳይሆን የራሱ የሥሩ አካል ነው።

እንግሊዞች ለዚሁ ሰው የሰጡት ስም ትሑት ነው። እግር ኳስ በተጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ ቡድን የራሱን «አምፓየር» ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ነገሩ ከሜዳ ውጪ ለቆመ ሦስተኛ ሰው ይመራል። «ሬፈሪ» ማለትም ነገር የሚመራለት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሬፈሪው ወደ ሜዳ ገባ፤ ሁለቱ አምፓየሮች ወደ መስመር ወጥተው ባንዲራ ያዙ፤ እኛ አራጋቢ የምንላቸው። አማርኛ ይህን ታሪክ አልደገመም። ፊሽካ የያዘውን ሰው እንዳየ ሙሉ ሥልጣን ያለውን የጥንት ስም ሰጠው። በዚያው ስም ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ሆነ፤ ሊዲያ ታፈሰም በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ በተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች።

ዳኛው የሚሰጠው «ውሳኔ» ነው። ወሰነ እና ወሰን አንድ ሥር ናቸው፦ መወሰን ድንበር ማበጀት፣ እስከዚህ የአንተ፣ ከዚህ ወዲያ የእሱ ብሎ መለየት ነው። በኳስ ሜዳ ይህ ትርጉም በአካል ይታያል። ኳሱ ሙሉ በሙሉ መስመሩን አልፏል ወይስ አላለፈም? እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2010 ብሉምፎንቴን ላይ እንግሊዝ በጀርመን 2 ለ 1 እየተመራች የፍራንክ ላምፓርድ ምት አግዳሚውን መትቶ ከመስመሩ በግልጽ ወዲያ አርፎ ተመለሰ። ዑራጓዊው ዳኛ ሆርሄ ላሪዮንዳና ረዳቱ አላዩትም። ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ።

ስለዚያች ኳስ እንግሊዛዊው ብዙ ማብራራት ይኖርበታል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፦ ገባ፣ አልተቆጠረም። ምክንያቱም በእኛ ቋንቋ ተጫዋች ጎል አይቆጥርም፤ «ያስቆጥራል»። «አስ-» የሚለው መነሻ ሥራው በሌላ እጅ እንደሚፈጸም ይናገራል። አጥቂው ያገባል፤ የሚቆጥረው ዳኛው ነው። ላምፓርድ አገባ፣ አላስቆጠረም። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ቦርድ በጎል መስመር ላይ ቴክኖሎጂ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈቀደው በዚህ በገባና በተቆጠረ መካከል ባለ ክፍተት ተገፍቶ ነው።

ያልተቆጠረ አንድ ነው፤ የተሻረ ሌላ። ሻረ የግዕዙ ሰዐረ ነው፤ ሹምን ከወንበሩ ማውረድ፣ የጸናውን ማፍረስ። ሹም ሽር፣ ሰንበት መሻር ከዚህ ይመጣሉ፤ ቁስል ሲድንም «ሻረ» እንላለን፤ ሕመሙ ከሥልጣኑ ወረደ እንደማለት ነው። ሊሻር የሚችለው የተሾመ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቃሉ ለቫር ዘመን ልክ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቫር በጨዋታው ሕግ ከተጻፈ ወዲህ ጎል ይሾማል፤ ደጋፊ ይተቃቀፋል፤ ማልያ ይወልቃል፤ ከዚያ የአጥቂው ትከሻ ከመስመሩ ቀድሞ ይገኝና ጎሉ ከሹመቱ ይወርዳል። «አልተቆጠረም» ማለት ይህን ደስታና ድንጋጤ አይዘውም። «ተሻረ» ይይዘዋል።

የሻረ ተቃራኒ ጸደቀ ነው። ጽድቅ፣ ጻድቅ፣ ጽድቀት ሁሉም ከእውነትና ከቅንነት ሥር ናቸው። ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ምክር ቤት ተሻግሮ አዋጅ ሲጸድቅ አየነው፤ ከገበሬ ጋር ወርዶ ችግኝ ሲጸድቅ አየነው፤ ቀጥሎ ሜዳ ገባ። እዚህ ላይ ግን ሕግና እውነት የተለያዩበት አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1986 ሜክሲኮ ሲቲ አዝቴካ ስታዲየም ዲዬጎ ማራዶና ኳሱን በግራ እጁ መረብ ላይ አሳረፈው፤ ቱኒዚያዊው ዳኛ ዓሊ ቢን ናስር አጸደቀው። አርጀንቲና 2 ለ 1 አሸነፈች። ጎሉ ጸደቀ፤ ጻድቅ ግን አልነበረም። እስከ ዛሬ ያልተዘጋው ክርክር በእነዚህ ሁለት የአንድ ቤት ቃላት መካከል የሚካሄድ ነው።

ከሁሉ የከረረው ሙግት የፔናሊቲ ነው። ለዚህ አንድ ነገር ሦስት ስሞች አሉን፤ ሦስቱም በፍትሕ ላይ የተለያየ አሳብ ይዘዋል። ታላላቆቻችን «ሪጎሬ» ይሉታል፤ ጣልያንኛ ነው፤ የላቲን ሥሩ መድረቅን፣ መገተርን፣ ጥብቅነትን ይናገራል። ፔናሊቲ በላቲን በኩል ከግሪኩ «ፖይኔ» ይወርዳል፤ ፖይኔ በጥንት ግሪኮች ዘንድ ገዳይ ለሟች ዘመዶች የሚከፍለው የደም ዋጋ ነበር። በእኛ አነጋገር ካሳ መሆኑ ነው። ሦስተኛው የራሳችን «ፍጹም ቅጣት ምት» ነው። ተራው ጥፋት «ቅጣት ምት» ሲያሰጥ ይህኛው «ፍጹም» ይባላል፤ ከፈጸመ፣ ምንም ያልቀረው፣ የተሟላ።

ሕጉን ያመነጨው አየርላንዳዊው በረኛ ዊልያም ማክረም ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1890 ቀርቦ ሰኔ 2 ቀን 1891 ጸደቀ። ጨዋ ሰው ሆን ብሎ ያጠፋል ብሎ ሕግ ማውጣት ስድብ ነው ብለው የተቃወሙም ነበሩ።

ቅጣቱ እውነት ፍጹም ነውን? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2010 ጆሃንስበርግ ላይ ጋና ከዑራጓይ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ 1 ለ 1 ነበሩ። ወደ መረብ የሚሄደውን የመጨረሻ ኳስ ሉዊስ ሱዋሬዝ መስመሩ ላይ ቆሞ በእጁ መለሰው። ቀይ ካርድ ወጣ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። አሳሞዋ ጂያን መታው፤ አግዳሚው መለሰው። በመለያ ምት ዑራጓይ 4 ለ 2 አለፈች፤ ለግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር መሆን ለጋና ሳይሆን ቀረ። ሕጉ የሚያዘው አንድ በአንድ ተፈጽሟል። ግን ጋና የተነጠቀችው ጎል ነበር፤ የተሰጣት ዕድል ነው። በፖይኔ ሥር ያለችው ካሳ አልተከፈለችም። ያን ሌሊት ከመላው አፍሪካ የተነሣው ቁጣ ከሱዋሬዝ እጅ ይልቅ «ፍጹም» የተባለው ቅጣት ካሳ ሳይሆን በመቅረቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ «ይገባናል» ስንል ምን እያልን ነው? ገባ ሰፊ ግስ ነው። ኳስ መረብ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ለአስተዋይ ይገባዋል፤ መብት ለባለቤቱ ይገባል። «ይግባኝ» የሚለው የፍርድ ቤት ቃልም የዚሁ የ«ይገባኛል» ትእዛዝ አንቀጽ ነው። በጨዋታው ሕግ ግን ዳኛው በሜዳ ላይ በሆነው ነገር የሚወስነው የመጨረሻ ነው፤ ተጫዋቹ ይግባኝ የለውም። ይግባኙ የሚቀርበው ወንበሮቹ ላይ፣ ከደጋፊ ለደጋፊ ነው።

በዚህም ደጋፊው ጥንታዊ ወንበር ወርሷል። በአገራችን የቆየ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ ተከላካይ አጥቂውን «በዓይነ ቁራኛ» ጠበቀው የምንለው የዚያ ትስስር ትዝታ ነው። ተሟጋቾቹ በ«ተጠየቅ» እና በ«በላ ልበልሃ» ይከራከሩ ነበር። ክርክር ራሱ ከከረከረ ነው፤ ገመድ እንጨትን ወዲያና ወዲህ እየተሳበ እንደሚከረክረው። ለመከርከር ሁለት አቅጣጫ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ ከሳበ ገመዱ ሾልኮ ይወጣል። በጥንቱ ሙግት አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፤ ያልመለሰ ይረታል፤ በጩኸት የሚረታ አልነበረም።

ስለዚህ በጣም በቀላሉ የምንወረውረው ቃል በጣም ከባዱ ነው፦ አዳላ። አድልዎ ከግዕዙ ደለወ ይወጣል፤ ደለወ መዘነ ማለት ነው፤ መዳልውም ሚዛን። አድለወ ሚዛኑን ወደ አንዱ አጋደለ ማለት ነው። ቃሉ ውስጥ ሚዛን ስላለ ዳኛን በአድልዎ የሚከስ ሰው መጀመሪያ የራሱን ሚዛን ማሳየት አለበት። ፈተናውም ቀላል ነው፦ ያው ንክኪ፣ ያው አወዳደቅ፣ በእኛ ሳጥን ውስጥ፣ በእኛ ተከላካይ የተፈጸመ ቢሆን ፔናሊቲ ይገባቸዋል እንል ነበር? አዎ የሚል ሰው «አዳላ» ቢል ክሱ ይሰማለታል። ይህን ሳይመልስ የሚጮህ ግን ዳኛው አጋደለ ያለውን ሚዛን ቀድሞ ያጋደለው እሱ ነው።